መስታወት የሚጠርግ እጅ በቀን ስንት ያገኛል?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው ሁለት ዘመን ይመለከታል፡፡ በአንድ ወገን ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ያቆማቸው፣ እንደ ፖስታ ቤቱ ያሉ ወፍራም ግድግዳና ጠባብ መስኮት ያላቸው ሕንፃዎች አሉ፡፡ በሌላ ወገን ደግሞ በቅርብ ዓመታት የተሠሩት፣ ፊታቸው በአሉሚኒየምና በመስታወት የተሸፈነ ባንኮች፣ ሆቴሎችና የንግድ ሕንፃዎች ይታያሉ፡፡ የመጀመሪያዎቹን አቧራ ብዙም አይጎዳቸውም፡፡ የሁለተኞቹ ግን በጋው በገባ በሳምንቱ መልካቸው ይጠፋል፡፡

ይህ ለውጥ አንድ ሥራ ፈጥሯል፤ መስታወት ጠረጋ፡፡ ሥራው አንዳንድ ጊዜ በቤቱ ተላላኪ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በቀን ሒሳብ በተጠራ ወጣት ይሠራል፡፡ ወጣቱ ባልዲ፣ ጨርቅና አሮጌ ጋዜጣ ይዞ ሲፈትግ ይውልና ማታ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል፡፡ ለመሆኑ ይኸው ወጣት ያንኑ ስምንት ሰዓት ሠርቶ የተሻለ ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል? ይችላል፡፡ ይሁንና መንገዱ ብዙዎች እንደሚመስላቸው እጅን ማፍጠን ብቻ አይደለም፡፡

በቀን ወይስ በመስታወት?

የመጀመሪያው ትምህርት የዋጋ አተማመን ነው፡፡ በቀን የሚከፈለው ሠራተኛ ቢፈጥን የሚያተርፈው አሠሪው ነው፡፡ ሥራውን በስድስት ሰዓት ከጨረሰ ‹‹እግረ መንገድህን ደረጃውንም ጥረግልን›› ይባላል፡፡ ስለሆነም መፍጠን ለእርሱ ትርፍ ሳይሆን ተጨማሪ ድካም ነው፤ ቀስ ማለቱም ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ነው፡፡ በመስታወት ቁጥር የሚዋዋል ሰው ግን ያዳናት ደቂቃ ሁሉ የራሱ ናት፡፡ ባለሕንፃውም ቢሆን አይጎዳም፤ የሚከፍለው ለጠራ መስታወት እንጂ ለዋለ ሰው አይደለም፡፡

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል፡፡ ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፡፡ ሠራተኛው ውኃ ፍለጋ፣ ከቤት ወደ ቤት በመሄድና በዋጋ ክርክር 180 ደቂቃ ያጠፋል እንበል፡፡ የቀረው 300 ደቂቃ ነው፡፡ በጨርቅና በጋዜጣ አንዱን መስታወት በ10 ደቂቃ ቢጨርስ በቀን 30 ይጠርጋል፡፡ የአንዱ ዋጋ 15 ብር ቢሆን ገቢው 450 ብር ነው፡፡ የባከነውን ጊዜ ወደ 60 ደቂቃ ብቻ ቢያወርድ፣ እጁ ሳይፈጥን 42 መስታወት ጠርጎ 630 ብር ያገኛል፡፡ የባከነው ጊዜ እንዳለ ሆኖ በመሣሪያ ታግዞ አንዱን በ5 ደቂቃ ቢጨርስ 60 መስታወት፣ 900 ብር ይሆናል፡፡ ሁለቱንም ቢያሻሽል ግን 84 መስታወት፣ 1,260 ብር ይደርሳል፡፡ ከዚህ ላይ ሳሙናው፣ ላስቲኩና የባጃጅ ዋጋው ይቀነሳል፡፡

እጅ የሚፈጥነው በመሣሪያ ነው

ባለሙያዎች የሚሠሩበት ባለ አንድ ላስቲክ መጥረጊያ፣ በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ ጣሊያናዊ ስደተኛ በ1936 /እ.ኤ.አ./ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነው፡፡ አጋጣሚ ሆኖ የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው በዚያው ዓመት ነበር፡፡ መሣሪያው ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም፤ እጀታ፣ ቀጭን ብረትና ስል ጠርዝ ያለው ላስቲክ ብቻ ነው፡፡

አሠራሩም ቀላል ነው፡፡ በአንድ ባልዲ ንጹህ ውኃ ጥቂት ጠብታ ላርጎ ይበቃል፡፡ ኦሞ አብዝቶ መበጥበጥ አረፋው መስታወቱ ላይ ቀርቶ እንደገና ያስጠርጋል፡፡ በመጀመሪያ በረጠበ ስፖንጅ መስታወቱን በሙሉ ማሸት፣ ቀጥሎ የላይኛውን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ጣት በሚያህል ስፋት ማድረቅ፣ ላስቲኩን ከዚያ አስነስቶ ወደ ታች መሳብ፣ በእያንዳንዱ ስበት የፊተኛውን ጥቂት መደረብ፣ ከእያንዳንዱም ስበት በኋላ ላስቲኩን በጨርቅ ማበስ ነው፡፡ መስመር መጣል ከጀመረ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የላስቲኩ ነውና ይገለበጣል ወይም ይለወጣል፡፡ በላስቲክ ሁለት ሳምንት ለመቆጠብ ሲባል በየመስታወቱ ሁለት ደቂቃ መክሰር አዋጭ አይደለም፡፡

ፀሐይም የሥራ ጓደኛ ወይም ጠላት ትሆናለች፡፡ ፀሐይ የሚያርፍበት መስታወት ላይ ውኃው ሳይሳብ ይደርቃል፡፡ ስለዚህ ጠዋት ወደ ምዕራብ የዞረውን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የዞረውን መጥረግ ያዋጣል፡፡ አቧራ የተኛበትን መስታወት በደረቅ ጨርቅ መፈተግ፣ አንጸባራቂ ቅብ ያለውንም በምላጭ መፋቅ ጭረት ይተዋል፡፡ የአንድ ትልቅ መስታወት ካሣ የወራት ትርፍ ሊበላ ስለሚችል፣ ቀድሞ የነበረን ጭረትና የሲሚንቶ ነጠብጣብ ሥራው ሳይጀመር ከባለቤቱ ጋር አይቶ መተማመን የግድ ነው፡፡

ውኃና መንገድ

የጎንደርን ገበያ ከሌላው የሚለየው ውኃው ነው፡፡ ከአንገረብ ግድብ ውኃ ስትቀዳ የኖረችው ከተማ የውኃ እጥረትን ለረጅም ጊዜ አውቃዋለች፡፡ ቧንቧው በደረቀ ቀን በጎማ ረጭቶ የሚያጥብ ሰው ሥራ ፈትቶ ይውላል፡፡ በባልዲና በላስቲክ የሚሠራው ግን ከቤቱ በሞላው አንድ ጀሪካን ብዙ ሱቆችን ያዳርሳል፡፡ ውኃ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ደንበኛውን ‹‹ውኃ አለ ወይ?›› ብሎ ስለማያስቸግር እርሱን መጥራት ይቀላል፡፡

ሁለተኛው የጊዜ ሌባ መንገድ ነው፡፡ ጠዋት አዘዞ፣ ቀትር ላይ ማራኪ፣ ማታ ፒያሳ የሚሮጥ ሠራተኛ የሚሠራው ለባጃጅ ነው፡፡ ሰፈሮቹን በቀን ከፍሎ፣ ሰኞ የአንዱን፣ ማክሰኞ የሌላውን መንገድ ተራ በተራ የሚያዳርስ ግን ባልዲውን ሳያስቀምጥ ከሱቅ ሱቅ ይሻገራል፡፡ ለዚህም ቋሚ ደንበኛ ያስፈልጋል፡፡

ስንት ደንበኛ? በቀን 84 መስታወት በወር 24 ቀን ቢሠራ 2,016 ይሆናል፡፡ አንድ ሱቅ 8 መስታወት ኖሮት በየሳምንቱ ቢያስጠርግ በወር 32 ነው፡፡ ስለዚህ ሙሉ ወር ለመሙላት 63 ሱቆች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፡፡ ቁጥሩ የሚያስፈራ ቢመስልም ግማሹ እንኳ ቢገኝ ኑሮን የሚያቆም መሠረት ነው፡፡ በየሳምንቱ የሚጠረግ መስታወት ስድስት ወር ከከረመው እጅግ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ለመጀመሪያው ቀን ከፍ ያለ፣ ለቋሚው ዝቅ ያለ ዋጋ መጥራት ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው፡፡ ደንበኛ የሚያመጣ ደላላ ካለም ኮሚሽኑን ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ላይ ቆርጦ መጨረስ እንጂ ለዘለቄታው መጋራት አያዋጣም፡፡

ሆቴልን ብቻ ማመን

ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቁት ሆቴሎች ጥሩ ገበያ ናቸው፡፡ ይሁን እንጂ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ ውጊያው ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የጎብኚው ቁጥር አንድ ትምህርት ሰጥቷል፡፡ ሥራውን በሆቴል ብቻ ያንጠለጠለ ሰው እንግዳው ሲቀር አብሮ ይወድቃል፡፡ ፋርማሲ፣ ክሊኒክ፣ ባንክና ቡቲክ ግን እንግዳ መጣም ቀረም በራቸውን ይከፍታሉ፡፡

ወደ ሰሜን በሚወስደው ጎዳና አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ተከታትለው ይገኛሉ፡፡ ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለአንድ ደንበኛ ብሎ መውጣት ኪሳራ ነው፡፡ የሦስቱንም ከተሞች ሥራ በአንድ ጉዞ አጠራቅሞ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቶ፣ ትራንስፖርቱንም በዋጋው ውስጥ አስገብቶ መዋዋል ይገባል፡፡ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ደግሞ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ፈላ ያለ ውኃ ማፍሰስ መስታወቱን ይሰነጥቃል፤ ፀሐይዋ ከፍ እስክትል መጠበቅ ይሻላል፡፡

መነሻ ገንዘብና መሰላል

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወዷል፡፡ ቢሆንም ለምድር ቤት ሱቆች የሚያስፈልገው ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ መጥረጊያና ጨርቅ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ትንሽ የዕቁብ ዕጣ የሚጀመር ሥራ ነው፡፡ ቀደም ሲል አብቁተ የነበረውና በ2022 /እ.ኤ.አ./ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም ለአነስተኛ ተበዳሪ እንግዳ አይደለም፤ ግን ቋሚ ደንበኛ ሳይያዝ ለመሰላል መበደር ችኮላ ነው፡፡ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት ግን መዘግየት የለበትም፡፡ ባንክና ትልልቅ መሥሪያ ቤት ደረሰኝ ከሌለው ሰው ጋር አይዋዋልም፡፡

በመጨረሻም ከፍታ አለ፡፡ በረጅም እጀታ ከማይደረስበት ፎቅ በላይ ያለው ሥራ መሰላሉን የሚይዝ ረዳትና መታጠቂያ ገመድ ይጠይቃል፡፡ ባለሕንፃው ለዚህ አልከፍልም ካለ ሥራውን መተው እንጂ በመስኮት ደፍ ላይ ቆሞ መፈጸም አይገባም፡፡ በራሱ የሚተዳደር ሠራተኛ እግሩ በተሰበረ ቀን ደመወዝ የሚቆጥርለት የለም፤ 63ቱም ደንበኞች በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ይጠራሉ፡፡ ባለሕንፃውም ቢሆን የረዳቱን ዋጋ ቆጥቦ በበሩ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ከፍሎ አይጨርሰውም፡፡