በአማተር ራዲዮ የተቆለፈ መልእክት መላክ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ወልቂጤ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ቡታጅራ ሱቅ አለው። ኔትወርክ ሲጠፋ የዕለት ሽያጩን በአማተር ራዲዮ እንዲልክልኝና እኔ በኮምፒውተር እንድመዘግብለት አስበናል። ሌላ ሰው እንዳያነበው በይለፍ ቃል ብንቆልፈው ሕጉ ይፈቅዳል? ካልሆነ በቸሃ ብንነጋገርስ እንደ ሚስጥር ኮድ ይቆጠርብናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ሐሳብ ቁልፉ ጋ ሳይደርስ ነው የሚሰናከለው። ዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ አማተርን ሲተረጉም ራስን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ለቴክኒክ ምርምር የሚሠራ፣ የገንዘብ ጥቅም የሌለበት አገልግሎት ይለዋል። የሱቅ ሒሳብ ንግድ ነው፤ ተቆልፎም ሆነ ሳይቆለፍ በዚህ ሞገድ አይሄድም።

ስለ ምስጠራው ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የደንቡ አንቀጽ 25 በተለያዩ አገሮች አማተሮች መካከል የሚላክ መልእክት ትርጉሙን ለመደበቅ ታስቦ በኮድ እንዳይላክ ይከለክላል። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የነበረው አነጋገር ከዚህም ይጠብቅ ነበር፦ ንግግሩ ግልጽ ቋንቋ፣ ወሬውም ስለ ቴክኒክ ሙከራ ወይም በሕዝብ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት መላክ የማያስፈልገው ተራ የግል ወሬ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የአሁኑ የሚመለከተው ዓላማን ነው። ከወልቂጤ ቡታጅራ ግን የአገር ውስጥ ግንኙነት ስለሆነ የሚወስነው የአገራችን ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አሜሪካ በአገር ውስጥም ትከለክላለች፤ ብሪታንያ ለአደጋ ጊዜ አገልግሎት በር ትታለች። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን በጽሑፍ ያልተፈቀደልኝን ምስጠራ አልሞክርም፤ በ7 ሜጋኸርዝ የላክኸው ናይሮቢም ካርቱምም ሊሰማ ይችላልና።

ሞርስ፣ ኤፍቲ8 የሚባለው ዲጂታል የመላኪያ ዘዴና መሰሎቻቸው ለማያውቃቸው ሰው የማይገቡ ጩኸቶች ቢሆኑም አሠራራቸው ታትሞ ስለወጣ ማንም መፍታት ይችላል፤ ስለዚህ ምስጠራ አይባሉም። መልእክቱን ሳትሸፍን ላኪው አንተ መሆንህን ብቻ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማም ትርጉም አይደብቅም። የይለፍ ቃል ሌላ ነው፤ ሥራው መደበቅ ነው። ደንቡ በግልጽ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ከምድር ወደ አማተር ሳተላይት የሚላክን የመቆጣጠሪያ ትእዛዝ። እሱ ባይሸፈን ኖሮ ማንም ጎረምሳ ሳተላይቱን ያጠፋው ነበር።

ቸሃስ? እንደልባችሁ ተነጋገሩ። ቸሃ የሕዝብ ቋንቋ ነው፤ ስልጥኛም መስቃንኛም እንዲሁ። «ቡና» ማለት «ገንዘብ» ይሁን ብላችሁ ከተስማማችሁ ግን ኮድ ሆነ።

በተግባር፣ መጀመሪያ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያስፈልግሃል። አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ኢቲ3ኤኤ የሚባል ጣቢያ አለው፤ እዚያ ጠይቅ። በሁለቱ ከተሞች መካከል የጉራጌ ተራሮች ስለተደነቀሩ በእጅ የሚያዝ የቪኤችኤፍ ራዲዮ ብዙም አይረዳችሁም። በ7 ሜጋኸርዝ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ አንቴና ሞገዱን ሽቅብ ስለሚልከው ሞገዱ ከላይ ተንጸባርቆ ሲመለስ ተራራውን ያልፋል፤ ቀን ቀን ሞክሩት። ሜሽታስቲክ የሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራበትን ትንሽ መሣሪያ ከገዛህ ደግሞ ሲመጣ ጀምሮ መልእክቱን እንደሚቆልፍ እወቅ፤ በአማተር ፈቃድ ስትሠራበት የጥሪ ምልክትህን አስገብተህ ምስጠራውን አጥፋ። የወንድምህ ሒሳብ ኔትወርክ እስኪመለስ ደብተር ላይ ይቆይ።