የክርስቲያን ሠርግ በአቅም መጠን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጋብቻ በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ይኸውም ወንድና ሴት በካህናት ጸሎት ተባርከው፥ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀብለው አንድ የሚሆኑበት ጸጋ ነው እንጂ፥ በድንኳን ስፋትና በሰንጋ ብዛት የሚለካ ትርኢት አይደለም። ነገር ግን ብዙ ወጣቶች ተጫጭተው ሳሉ «የሠርግ ገንዘብ አልሞላልንም» እያሉ ቀኑን ከዓመት ወደ ዓመት ያሳልፋሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ መጠበቁ ሲረዝምባቸው ያለ ጸሎትና ያለ ቁርባን አብረው መኖር ይጀምራሉ። እንዲህ ሲሆን ስለ ድግሱ ሲባል ምሥጢሩ ቀረ ማለት ነው። ነገሩ የነፍስ ጉዳት ስለ ሆነ፥ ካህናትም ወላጆችም ሊመረምሩት ይገባል።

ስለ ቃና ዘገሊላ

በየዓመቱ ጥር 12 ቀን በምናከብረው በዓል፥ ጌታችን በቃና ሠርግ የሠራውን የመጀመሪያ ተአምር እናስባለን (ዮሐ. 2፥1–11)። ምናልባት አንድ ሰው «ጌታ ስድስት ጋን ውኃ ወደ ወይን ጠጅ ለውጦ የለምን? እንግዲህ መትረፍረፍን ወድዶአል» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ያ ቤት የወይን ጠጅ ያለቀበት ቤት እንደ ነበረ ያስተውል። እመቤታችን ጕድለቱን አይታ ለልጅዋ አሳሰበች እንጂ ባለ ሠርጎቹን አልነቀፈቻቸውም፤ ጌታም ኀፍረታቸውን ሸፈነላቸው እንጂ ዕዳ አላሸከማቸውም። ያ ሠርግ እስከ ዛሬ የሚከበረው እርሱ ስለ ተጠራበት ነው። ጌታ የተጠራበት ሠርግ ቢጐድልም ይሞላል።

ራጉኤልም ልጁን ሣራን ለጦቢያ በዳረ ጊዜ 14 ቀን ደግሶአል። ነገር ግን የደገሰው ከገዛ ሀብቱ ነው፤ ከድግሱም አስቀድሞ ሙሽሮቹ ተነሥተው ጸልየዋል (ጦቢት 8)። ስለዚህ ያለው ሰው ከሀብቱ ቢደግስ አይነቀፍም፤ የሌለው ግን ባለጠጋውን ልምሰል ብሎ አይበደር። አባቶች «እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ያሉት ስለዚህ ነው።

ስለ ዕዳ

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። አንድ ሙሽራ ለሠርጉ 120,000 ብር ቢበደርና በየወሩ 5,000 ብር ቢከፍል፥ ወለድ ባይኖርበት እንኳ ዕዳው የሚያልቀው በ24 ወር ነው። ሙሽራይቱ በመጀመሪያው ወር ብትፀንስ፥ ልጁ ተወልዶ ወንድ ቢሆን በ40፥ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ክርስትና ሲነሣ፥ ከዕዳው ገና ከግማሽ በላይ ይቀራል። የእንግዶቹ ጥጋብ በአንድ ቀን ያልፋል፤ የቤቱ ጭቅጭቅ ግን ሁለት ዓመት ይቈያል።

ስለ አፈጻጸሙ

ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሲናገር የካህናትን ጸሎትና ቁርባንን ያስፈልጋል ይላል እንጂ፥ ድግስን ጋብቻን ከሚያጸኑት ነገሮች ጋር አይቈጥርም። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለውን ማስተዋል ይጠቅማል።

አንደኛ፥ ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር (ሉቃ. 14፥28)፥ ሁለቱ እጮኞች ከንስሐ አባታቸውና ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው በእጃቸው ያለውን ይቍጠሩ። ከዚያም ላይ ለቤት ኪራይና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቀለብ የሚሆነውን አስቀድመው ይለዩ፤ ድግሱ በቀረው ይወሰን።

ሁለተኛ፥ የሙሽራው ቤት ድግስ፥ የሙሽራይቱ ቤት ድግስ፥ መልስና ቅልቅል እየተባለ የሚደጋገመው በሁለቱ ወገን ስምምነት በአንድ ማዕድ ይጠቃለል።

ሦስተኛ፥ ድንኳኑን፥ አግዳሚውንና ድስቱን ከእድር መዋስ፥ እንጀራውንና ወጡን ዘመድና ጎረቤት ተከፋፍሎ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ይቻላል። ይህ የአባቶቻችን የመረዳዳት ልማድ ነው እንጂ የድኻ ምልክት አይደለም።

አራተኛ፥ አክሊሉና ካባው በብዙ አጥቢያ በቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ለአንድ ቀን በውድ ከሚከራይ ልብስ ይልቅ፥ ከሠርጉ በኋላ ለክብረ በዓልና ለቅዳሴ የሚለበስ የሀገር ልብስ ይመረጥ።

አምስተኛ፥ ማዕዱ ትንሽም ቢሆን የነዳያን ድርሻ አይቅርበት (ሉቃ. 14፥13)። ሙሽሮቹም በቈረቡበት ቀን ስካርና ዘፈን እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ስለ ይሉኝታ

ወላጆች ብዙ ጊዜ «የሰው ብድር አለብን፤ ያበላንን ሰው ሳናበላ እንዴት ይሆናል?» ይላሉ። ይህ ጭንቀት ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ውለታን ማሰብ መልካም ነውና። ነገር ግን ውለታ የሚመለሰው በሠርግ ቀን ብቻ አይደለም፤ በዝክር ጠርቶ፥ የታመመን ጠይቆ፥ ያዘነን አጽናንቶ መመለስ ይቻላል። ወላጅ የራሱን ብድር በልጁ ትዳር ላይ አይጫን።

ካህናትም ይህን በዐውደ ምሕረት ሊያስተምሩት፥ በየቤቱም ሊመክሩት ይገባቸዋል። ድኻው እጮኛ ወደ ንስሐ አባቱ በመጣ ጊዜ «ድግስህ ምን ያህል ነው?» ከሚለው አስቀድሞ «ለንስሐና ለቁርባን ተዘጋጅተሃልን?» የሚለውን ጥያቄ ይስማ። በሠርጉም ቀን ካህኑ በጥቂት እንጀራ ፊት ደስ ብሎት ተቀምጦ ቢባርክ፥ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራል፤ አቅም አጥቶ የሚጠብቀውም ሌላው ወጣት ያንን አይቶ ይደፍራል።

በቃና ሠርግ የተገኘ አምላክ የልጆቻችንን ጋብቻ ይባርክ፤ የጐደለውን ይሙላ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።