የዲስኩ አልማዝ እውነተኛ ነው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በእንጅባራና በዳንግላ ሴራሚክና ድንጋይ እየቆረጠ ይተዳደራል። የሚቆርጥበት ዲስክ «አልማዝ» ይባላል። አልማዝ በዚህ ዋጋ ይገኛል? ማታ አቧራ ለብሶ ይገባል፤ ሰሞኑን ደግሞ ያስላል። የአልማዙ ብናኝ ሳንባውን ጎድቶት ይሆን?
(ከእንጅባራ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎ ሳል እንዳስጨነቀዎት ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ፤ መጨነቅዎም ተገቢ ነው።

ዲስኩ አስመስሎ የተሠራ ካልሆነ በቀር አልማዙ እውነተኛ ነው። የረከሰው ከማዕድን ጉድጓድ ሳይሆን ከፋብሪካ ስለሚወጣ ነው። ተፈጥሮ አልማዝን የምትሠራው ከመሬት በታች ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ነው። ፋብሪካውም ያንኑ ሙቀትና ጫና ይፈጥራል፤ ግራፋይት፣ ማለትም እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ካርቦን፣ ከብረትና ከኒኬል ጋር በ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፤ ከአየር ግፊት 50 ሺህ ጊዜ በሚበልጥ ኃይልም ይጨመቃል። የቀለጠው ብረት ካርቦኑን ያሟሟዋል፤ ካርቦኑም አልማዝ ሆኖ ይጠጥራል። የስዊድኑ አሴአና የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባሉት ኩባንያዎች ይህን ያሳኩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው።

ደቃቁ አልማዝ ከብረት ዱቄት ጋር ተደባልቆ በዲስኩ ጠርዝ ላይ ይጋገራል። ብረቱ ሲበላ አዲስ አልማዝ ብቅ ይላል። ጠርዙ አብረቅርቆ አልቆርጥ ካለ መጫን አይገባም፤ ለአፍታ ብሎኬት ቢቆርጡበት ይሳላል። ፌሮ ግን አይቆረጥበትም፤ የጋለ ብረት አልማዙን ይበላዋል።

ወደ ባለቤትዎ ሳል ጉዳይ ስንመጣ፣ ከአልማዙ የሚረግፈው እጅግ ጥቂት ነው። የሚያሰጋው የሚቆረጠው ነገር አቧራ ነው። በሴራሚክና በግራናይት ውስጥ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዋና ማዕድን፣ በብዛት አለ። ይህ ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን ሳንባን የሚያጠጥር በሽታ ያመጣል። በሽታው አይድንም፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። መከላከል ግን ይቻላል።

ከሁሉ የሚሻለው ውሃ እየረጨ በሚቆርጥ ማሽን መሥራት ነው። ለውሃ ባልተሠራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ግን ውሃ እንዳይፈስ፤ ሰው ይገድላል። ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍ ላይ መጠምጠም ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ኤን 95 የሚባለውን ማስክ ይጠቀሙ። ልብሱንም ቤት ውስጥ አያራግፉት፤ ልጆችም ይተነፍሱታል። ውጭ አርጥበው ይጠቡት።

ዲስኩ ከተሰነጠቀ፣ ከተወላገደ ወይም ጥርሱ ከረገፈ ወዲያው ይጣል።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ዳገት ሲወጡ የሚያጥር ትንፋሽ፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ ምርመራ ይፈልጋሉ። ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ማጠር ካለ በዚያው ዕለት ይሂዱ። ባለቤትዎ ማሳል ስለጀመሩ ግን እነዚህን ምልክቶች አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ስንት ዓመት ድንጋይና ሴራሚክ እንደቆረጡም፣ ባይጠየቁ እንኳ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ።