የቤት ኔትወርክ ድራይቭ አያያዝና የምርምር መረጃ ደኅንነት፦ ከወላይታ ሶዶ ሁኔታ አንጻር

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ፣ መረጃውን በኢንተርኔት ማከማቻ ብቻ ያኖረ ተመራማሪ ከሥራው ተለይቶ ነበር። የቤት ውስጥ ኔትወርክ ግን ኢንተርኔት አይሻም፤ ወላይታ ሶዶ በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ራውተር የተገናኙ ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ የሌላውን ፎልደር እንደ ራሱ ድራይቭ ሊከፍት ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው «እንደ ራሱ» በመምሰሉ ነው። በዊንዶውስ «ዜድ» የሚል ፊደል የተሰጠው ማፕ የተደረገ ድራይቭ ፋይል አይዝም፤ ፋይሉ ወዳለበት ኮምፒውተር የሚያመለክት አድራሻ ነው። ስለሆነም ድራይቩን ማለያየት ፋይል አያጠፋም። ከድራይቩ ላይ ፋይል መሰረዝ ግን ያጠፋል፤ ከኔትወርክ ድራይቭ የተሰረዘ ፋይል እንደ ወትሮው ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባምና። ተጠቃሚዎች የሚጠነቀቁት ባመዛኙ ከመጀመሪያው ነው፤ ሊጠነቀቁ የሚገባው ከሁለተኛው ነበር።

1870 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ወንዝ ላይ ቆሞ ሳለ ስለ መብራት መቆራረጥ መጻፍ እንግዳ ቢመስልም፣ የኔትወርክ ድራይቭን አያያዝ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ይኸው ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ሥራውን ይቀጥላል፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። በ«ዜድ» ላይ የተከፈተ የኤስፒኤስኤስ ፋይል በመቀመጥ ላይ ሳለ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ መሥራት፣ ሲያበቁም መልሶ መገልበጥ ይመረጣል።

መብራቱ ሲመለስ ሌላ ችግር ይከተላል። ራውተሩ ፎልደሩን ለሚያጋራው ኮምፒውተር አዲስ የአይፒ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል፤ በቀድሞው ቁጥር ማፕ የተደረገው ድራይቭም ቀይ የኤክስ ምልክት ያሳያል። መፍትሔው ድራይቩን በኮምፒውተሩ ስም ማፕ ማድረግ፣ ወይም በራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ መመደብ ነው።

ያረጁ መሣሪያዎችን ለማገናኘት ሲባል ኤስኤምቢ 1 የተባለውን ፕሮቶኮል መልሶ ማብራት ግን አይመከርም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተሰራጨው በዚሁ ፕሮቶኮል ክፍተት ሲሆን፣ ማይክሮሶፍትም ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ደረጃ በደረጃ አስወጥቶታል። ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ላፕቶፑን ከያዘ፣ ባለቤቱ ሊጽፍበት የሚችለውን ማንኛውንም ድራይቭ፣ «ዜድ»ን ጨምሮ፣ ሊቆልፍ ይችላል። በመሆኑም የመስክ መረጃ ሁለተኛ ቅጂ ከኮምፒውተር ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ መኖር አለበት።