ወደ ሙሉ ሰው ልክ በአንድነት ማደግ

ለማኅበረ ምእመናን የተዘጋጀ ጥናት

ንባብ፦ ኤፌሶን 4፥1-16፤ ማቴዎስ 18፥15-22፤ ዕብራውያን 10፥23-25



ይህን ጥናት እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንዲት ወጣት እኅት ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው። እርስዋ በማኅበራችን ተወልዳ ያደገች፥ የክርስትናን መሠረተ ትምህርት ከእኔ የተማረች ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንጀራ ፍለጋ በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ አድርጋ ወደ ሐርጌሳ ልትሄድ በተነሣች ጊዜ፥ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ልትሰናበተኝ መጣችና፥ «ቄስ፥ በዚያ ከተማ ቤተ ክርስቲያናችን የለም። እንዴት አድርጌ ልኖር ነው?» አለችኝ። እኔም ደክሞኝ ስለ ነበር ነገሩን ሳላስብበት፥ «ልጄ፥ አይዞሽ፤ እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ አለ። መጽሐፍ ቅዱስሽን አንብቢ፥ ስብከቱንም በስልክሽ አድምጪ፤ ይበቃሻል» ብዬ ባርኬ ሰደድኋት።

በሦስተኛው ዓመት ለፋሲካ ወደ አገርዋ ተመለሰች። ልትጠይቀኝም በመጣች ጊዜ፥ «ቄስ፥ ይበቃሻል ያሉኝ ነገር አልበቃኝም» አለችኝ። በሐርጌሳ በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት እየሠራች፥ ማታ ማታ ስብከት ትሰማ እንደ ነበር፤ የሰባኪዎቹንም ስም ሁሉ እንደምታውቅ፥ ትምህርታቸውንም ለይታ ለመመዘን እንደ ቻለች ነገረችኝ። ነገር ግን መጀመሪያ በየዓርቡ፥ በከተማው የዕረፍት ቀን፥ በአንዲት ክፍል ተሰብስበው ይጸልዩ ከነበሩት አምስት ኢትዮጵያውያን መካከል፥ ከአንዲቱ ጋር በቤት ኪራይ ገንዘብ ተጣልታ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። በጠቡም ምክንያት ጉባኤው ተበትኖአል። ከዚያም አንገትዋን ደፍታ፥ «ብዙ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ማንም አላረመኝም፥ እኔም የማንንም ሸክም አልተሸከምሁም። እንዲህ ሆኜ አድጌአለሁ ይባላልን?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያን ጊዜ ለመመለስ ተቸገርሁ፤ ስሕተቱ የእኔ እንደ ነበረ ዐውቄአለሁና። እንግዲህ ይህን ጥያቄ በቃለ እግዚአብሔር ፊት አቅርበን በአንድነት እንመርምረው።

1. ማደግ ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ ብዙ ጊዜ የአንድን ክርስቲያን እድገት የምንለካው በዘመኑ ብዛት፥ በቃሉ በሚጠቅሰው ጥቅስ፥ በጸሎቱ ርዝመት፥ ወይም በሽምግልና በተቀመጠበት ወንበር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በሌላ ሚዛን ይመዝናል። የቆሮንቶስ ሰዎች አንዳች የጸጋ ስጦታ እንዳልጐደላቸው በመልእክቱ መጀመሪያ ይመሰክርላቸዋል (1ቆሮ. 1፥7)። ዳሩ ግን ጥቂት ዝቅ ብሎ እነዚሁን ሰዎች ሕፃናት ይላቸዋል፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ በመካከላቸው ያለውን ቅናትና ክርክር ይጠቅሳል (1ቆሮ. 3፥1-3)። እንግዲህ የሕፃንነት ምልክቱ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ብዙ እያወቁ አብሮ ለመኖር አለመቻልም ነው።

በኤፌሶን መልእክትም ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጳውሎስ ስለ ሕፃንነት ሲናገር በብዙ ቍጥር ይናገራል፤ በማዕበል የሚንገላቱት ሕፃናት ብዙዎች ናቸው። ስለ ሙሉነት ሲናገር ግን ቃሉን በነጠላ ያደርገዋል፤ ሙሉ ሰው አንድ ነው። ሕፃናት ብዙዎችና የተበታተኑ ሲሆኑ፥ የደረሰው ሰው ግን አንድ አካል ነው፤ ራሱም ክርስቶስ ነው። ስለዚህ፥ «እኔ አድጌአለሁን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «እኛ አድገናልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። እድገት መዳናችንን የምንገዛበት ዋጋ አይደለም። ትናንት የተወለደ ሕፃን ገና መቆም ባይችልም፥ የአባቱ ልጅነቱ ከታላቅ ወንድሙ ልጅነት አያንስም። እንደዚሁም በጥምቀትና በእምነት የእግዚአብሔር ልጆች የሆንነው በጸጋ ብቻ ነው። የምናድገው ልጆች ለመሆን አይደለም፤ ልጆች ስለ ሆንን ነው እንጂ።

2. ለብቻው የሚያድግ ብልት የለም

ማርቲን ሉተር በ1529 በጻፈው በትልቁ ካቴኪዝም፥ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያንን ሁሉ በቃሉ ወልዳ እንደምታሳድግ እናት መሆንዋን ያስተምራል። (በዚህ ጥናት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ደግሞም በ1537 በሽማልካልድ አንቀጾች ወንጌል ወደ እኛ የሚመጣባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር፥ ከስብከት፥ ከጥምቀት፥ ከቅዱስ ቍርባንና ከኀጢአት ስርየት ቃል ቀጥሎ፥ ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው በመነጋገር የሚጽናኑትን መጽናናት ይጠቅሳል። ስብከትን የሚያህል ነገር የሰበከው ይህ ሰው፥ ስብከት መስማት ብቻውን ይበቃል አላለም።

ስለ ምን? ሰው ለብቻው ተቀምጦ ሊያደርጋቸው የማይችላቸው ነገሮች ስላሉ ነው። ለብቻው ሆኖ ማንበብ ይችላል፤ ለብቻው ሆኖ መታረም ግን አይችልም። ለብቻው መጸለይ ይችላል፤ የሌላውን ሸክም ለብቻው ሆኖ መሸከም ግን አይችልም። ስለ ፍቅር የተሰበከውን ብዙ ሊሰማ ይችላል፤ የሚያስቸግረው ሰው በአጠገቡ ከሌለ ግን ትዕግሥት ምን እንደ ሆነ ከየት ይማራል? በስልክ የምንሰማው ሰባኪ በጎ ነገር ያስተምረናል፤ ነገር ግን ፊታችንን አያይም። ቂም መያዛችንን አያውቅም፤ ስንታመምም ውኃ አያቀብለንም።

የደጋው ገበሬ ይህን ነገር ያውቀዋል። አዝመራው ደርሶ ዝናብ ሲያስፈራራ፥ ጐረቤቱን ለደቦ ይጠራል እንጂ ለብቻው ማጭድ ይዞ አይወጣም። ዛሬ የእርሱ፥ ነገ የጐረቤቱ እርሻ ይታጨዳል። በደቦም መካከል ልጁ ማጨድን ከአባቱ ጐን ሆኖ ይማራል። ጳውሎስም እንዲሁ ይላል፦ እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ሥራውን ሁሉ ለብቻቸው እንዲሠሩ ሳይሆን፥ ቅዱሳንን ለአገልግሎት እንዲያዘጋጁ ነው (ኤፌ. 4፥11-12)። ቄሱ ሲያጭድ ምእመናን ቆመው የሚመለከቱ ከሆነ ደቦ አይባልም።

3. ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ታሪክ

በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ባቋቋመው ስፍራ፥ ከባርነት ነፃ የወጡ ወጣቶች ከየአገሩ ተሰብስበው ይማሩ ነበር። በ1872 የተጠመቀው ኦኔሲሞስ ነሲብና ከእርሱ በኋላ ወደዚያ የመጣችው አስቴር ጋኖ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ከተወለዱበት አገር ተነጥቀው በባዕድ ስፍራ የተገኙ ነበሩ፤ ነገር ግን በዚያ አንድ ማኅበር ሆኑ። ኦኔሲሞስ ሲተረጕም አስቴር የቋንቋውን ቃላትና ተረት እየሰበሰበች ረዳችው፤ በ1899ም መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ በተመለሱ ጊዜ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። የስደት ጉባኤ ፍሬ አያፈራም የሚል ሰው ቢኖር ይህን ያስብ።

በወላይታም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በ1937 የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች አገሩን ለቀው ሲወጡ፥ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። መከራና እስራት ደረሰባቸው፤ ሚሲዮናውያኑ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። በደርግ ዘመን ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 ስትዘጋ አባላትዋ ወደ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃው ተወረሰ፥ መሪዎችዋም ታሰሩ። ምእመናን ግን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ተሰበሰቡ፤ አንዱ ለሌላው እረኛ ሆነ፥ ሴቶችም በየቤቱ አገለገሉ። በ1991 ደጁ ሲከፈት ቍጥራቸው ወደ 34,000 ደርሶ ነበር።

ይህን የምጠቅሰው በቍጥር ለመመካት አይደለም። አዳራሹ በተዘጋበት ቀን ሥራው በብዙዎች እጅ ላይ ወደቀ፤ ትናንት አድማጭ የነበረው ዛሬ አጽናኝ ሆነ። እድገቱ የመጣው ከዚህ ነው።

4. በሐርጌሳ ላሉት

የሐርጌሳ ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ መሆኑን አልዘነጋሁም። ሶማሌላንድ በ1991 ነፃነትዋን ካወጀች በኋላ በ2001 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕገ መንግሥትዋ፥ እስልምና የመንግሥቱ ሃይማኖት መሆኑን ይደነግጋል፤ ሌላ ሃይማኖት ማስፋፋትንም ይከለክላል። በ2017 ለብዙ ዘመን ተዘግታ የነበረችው ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተከፍታ ጥቂት ቀን ሳትቆይ በመንግሥት ትእዛዝ እንደገና ተዘግታለች። በዚያ ያለ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ደወል የሚደወልበት ቤት አይጠብቅም።

ነገር ግን ስለዚያ ከተማ ሰዎች በንቀት ወይም በፍርሃት ብቻ አንናገር። በከተማው መካከል የጦር አውሮፕላን በሐውልት ላይ ቆሞ ይታያል፤ በ1988 ሐርጌሳ በገዛ መንግሥትዋ ቦምብ መፍረስዋን የሚያስታውስ ነው። ያን ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸሽቶ ወደ አገራችን ገብቶ፥ በጅጅጋ አጠገብ በሐርትሼክና በሌሎችም ሰፈሮች በስደት ኖሮአል። ኋላም ተመልሰው ፍርስራሹን አንሥተው ከተማቸውን ሠሩ። ስደትን ያውቁታል፤ እኛም በእነርሱ ዘንድ እንግዶች ነን። ጴጥሮስ ለእንግዶችና ለመጻተኞች ሲጽፍ መልካም አካሄድን፥ ለባለ ሥልጣን መገዛትን፥ ሰውንም ሁሉ ማክበርን ያዛል (1ጴጥ. 2፥11-17)። ብድሩን በቀኑ የሚከፍል፥ በሥራው የማያጭበረብር፥ የአስተናጋጁን እምነት የማይሰድብ ክርስቲያን አድጎአል።

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። ሁለት ወይም ሦስት በስሙ በሚሰበሰቡበት ጌታ በመካከላቸው እንደሚገኝ ሁላችን እናውቃለን (ማቴ. 18፥20)። ይህ ተስፋ በምን ስፍራ እንደ ተጻፈ ግን ልብ ብለናልን? ከፊቱ ያለው የበደለህን ወንድም ለብቻው ሆነህ ንገረው የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ነው። እንግዲህ እነዚያ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከቶ ያልተጣሉ ሰዎች አይደሉም፤ ተጣልተው ለመታረቅ የሚደክሙ ናቸው። ጌታ በመካከላቸው ሊቆም ቃል የገባው ለእነርሱ ነው።

ስለዚህ፥ «ልጄ፥ ስትመለሺ አዲስ ጉባኤ አትፈልጊ፤ አስቀድመሽ የዚያችን እኅት በር አንኳኪ» አልኋት። ጥቂትም ምክር ጨመርሁላት። ስትሰበሰቡ ቃሉን በየተራ አንብቡ፤ አንድ ሰው ብቻ ተናጋሪ አይሁን። ከመጸለያችሁ በፊት ያስቀየማችሁት እንዳለ ጠይቁ። ለታመመና ሥራ ላጣ የምትረዱበት ጥቂት ገንዘብ በአንድነት አስቀምጡ፤ ሒሳቡንም ሁለት ሰዎች ይያዙት። ከመካከላችሁ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ቢኖሩ ክፍሉን የክርክር ስፍራ አታድርጉት፤ አባታችን ሆይንና የኒቅያን የሃይማኖት ጸሎት በአንድነት ማለት እንችላለንና።

5. በአገር ቤት ላለን

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ የሄደውን ከመምከር በፊት የላከውን መመርመር ይገባናል። ከማኅበራችን ስንት ልጆች ወደ ሐርጌሳ፥ ወደ ጅቡቲ፥ ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል? እኛ ግን ከመዝገብ ስማቸውን ከመሰረዝ በቀር ምን አደረግን? ከአካል ብልት ሲርቅ ሕመሙ የማይሰማው አካል፥ እርሱ ራሱ የታመመ ነው። ዛሬ በእኛ ማኅበር የሚሄድ ሰው ሲኖር በጉባኤው ፊት እንጸልይለታለን፤ በዚያ ስፍራ የሚገኙ አማኞች ካሉ እናገናኘዋለን፤ በየወሩም የሚደውልለት አንድ ሽማግሌ እንመድባለን። ትንሽ ነገር ነው፤ እኔ ግን ይህን ለመማር ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

እኅታችን ተመልሳ ሄዳለች። ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ደውላ፥ «ቄስ፥ በሩን አንኳኳሁ» አለችኝ። የኪራዩ ገንዘብ ገና አልተከፈለም፤ ከአምስቱም ሁለቱ አልተመለሱም። ነገር ግን ሁለቱ እኅቶች አብረው እንጀራ ቈርሰዋል፤ በዓርቡም ሦስት ሆነው ጸልየዋል። እድገት የሚጀምረው እንዲህ ካለው ስፍራ ነው።

ለመወያያ

1. በማኅበራችን የአንድን ሰው መንፈሳዊ እድገት የምንለካው በምንድን ነው? ሚዛናችን ከ1ቆሮ. 3፥1-3 ጋር ይስማማልን?

2. ባለፈው ዓመት ማን አረመኝ? እኔስ የማንን ሸክም ተሸከምሁ? (ገላ. 6፥1-2)

3. ያልታረቅሁት ሰው አለን? ማቴዎስ 18፥15 አስቀድሜ ወዴት እንድሄድ ያዝዘኛል?

4. ከመካከላችን ርቀው የሄዱትን በስም እንጥራ። በዚህ ሳምንት ለእያንዳንዳቸው የሚደውል ማን ነው?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፥ አንተ ራሳችን ነህ፤ እኛም ብልቶችህ ነን። በአገር ያለነውንና በባዕድ ምድር የተበተኑትን በአንድ መንፈስ አስተሳስረን። የተጣላነውን አስታርቀን፥ የራቀውን አስበን፥ በፍቅር እውነትን እየያዝን ወደ አንተ እንድናድግ እርዳን። አሜን።