ስንት ወንበር፣ ስንት ሰው? የመግባት ዕድላችንን እንዴት እንመዝን



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም የሚሞላበት ሰሞን ሲደርስ በግቢያችን አንድ ጥያቄ ከዶርም ዶርም ይዞራል፤ «በዚህ ውጤት ይደርሰኛል?» የሚል። ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ ደግሞ ታናናሾቻችን እየደወሉ ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ ያቀርቡልናል፤ «አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ልፈተን? የቱርክን ስኮላርሺፕ ልሞክር? ዕድል አለኝ?» ይሉናል።

የምንሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ «አላህ ካለ ይደርስሃል» እንላለን፣ ወይ «ተወው፣ እሱ ለእኛ ዓይነቱ አይሆንም» እንላለን። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ነገር ግን ፎርሙ ላይ ምን እንደሚጻፍ አይነግረንም። ሁለተኛው ምንም ሳይቆጥር በር ይዘጋል። በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም ቆጥሮና መዝኖ መመለስን እንማማራለን።

1. በሩን መለየት፦ መስመር ወይስ ወንበር?

ዕድላችንን ከመገመታችን በፊት የምናንኳኳው በር የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለብን። በሮች በሁለት ይከፈላሉ።

አንደኛው መስመር የተሰመረበት በር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶ እንዲህ ያለ በር ነው። ከ2015 ጀምሮ ለተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም 50 በመቶው እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ የጓደኛችን ማለፍ የእኛን ቦታ አይወስድም። መስመሩን የረገጠ ሁሉ ያልፋል፤ መቶ ሰው ቢረግጥም መቶው ያልፋል።

ሁለተኛው ወንበሩ የተቆጠረ በር ነው። ከአንደኛ ዓመት በኋላ የሚደረገው የዲፓርትመንት ምደባ፣ የሕክምና ትምህርት፣ ስኮላርሺፕ ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። ወንበሩ 50 ከሆነ 51ኛው ሰው ውጤቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውጭ ይቀራል። እዚህ ላይ «ስንት አመጣሁ?» ከሚለው ይልቅ «ስንተኛ ነኝ?» የሚለው ይበልጣል።

ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። «3.5 ጥሩ ውጤት ስለሆነ ይደርሰኛል» የሚል ተማሪ የወንበርን በር በመስመር ሕግ እየለካ ነው። «ዘንድሮ ብዙ ጎበዝ ስላለ የመውጫ ፈተናውን አላልፍም» የሚልም የመስመርን በር በወንበር ሕግ እየፈራ ነው።

2. የአገሩ አማካይ የእኛ ዕድል አይደለም

የብሔራዊ ፈተናውን ውጤት ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2014 ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም ላይ ለመግባት እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ዓመታት ከመቶ አመልካች አራት ያህሉን ብቻ ይቀበላል። ቁጥሩ ይቀራረባል፤ በሩ ግን አንድ አይደለም። ሃርቫርድ የሚጥለው ወንበር ስለሌለው ነው፤ ብዙዎቹ በጣም ጥሩ ተማሪዎች ናቸው። በእኛው ፈተና የቀረው ግን መስመሩን ስላልረገጠ ነው፤ ሁሉም ቢዘጋጅ ሁሉም ሊረግጠው ይችል ነበር።

ታናሽ ወንድማችን «ከመቶ ሦስት ሰው ነው የሚያልፈው፣ እኔማ የት አገኘዋለሁ?» ሲል ታዲያ ምን እንበለው? ያ ቁጥር የአገሩ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ እናስረዳው። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ በዚያው ፈተና የተቀመጡትን በሙሉ ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። አማካዩ ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቆ የወጣ ነው። ስለዚህ ወደ ራሱ ጠጋ ያለውን ቁጥር ይፈልግ፦ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ከእሱ ትምህርት ቤት ስንት ሰው አለፈ? ካለፉት ጋር ሲነጻጸር በክፍሉ ስንተኛ ነው? ያለፉትን ዓመታት ፈተና ሰዓት ይዞ ሲሠራ ስንት ያመጣል? ከሁሉ የበለጠ የሚታመነው ይህ የመጨረሻው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በክልላችን ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት የባከነበት ልጅ ዝቅተኛ የሙከራ ውጤት ቢያመጣ፣ ውጤቱ ያልተማረውን ምዕራፍ የሚያሳይ እንጂ የአእምሮውን ልክ የሚናገር አይደለም። የትኛው ምዕራፍ እንደጎደለ ለይተን ማስጠናት እንችላለን። በመስመር በር ላይ ይህ እርዳታ ማንንም አይጎዳም።

3. ለወንበር በር ሦስት ቁጥሮች

ወደ ግቢያችን እንመለስ። አንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን መማር በ2012 ከተጀመረ ወዲህ ዲፓርትመንት የሚለየው ከገባን በኋላ ነው። ዕድላችንን ለመመዘን ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጉናል፦ ስንት ወንበር አለ? ከፊታችን ስንት ሰው አለ? ከፊታችን ካሉት ውስጥ ያንን ዲፓርትመንት የሚፈልገው ስንቱ ነው?

በምሳሌ እንየው። በአንድ ምድብ 1,000 ተማሪዎች አሉ፣ የምንፈልገው ዲፓርትመንት 50 ወንበር አለው፣ እኛ ደግሞ 180ኛ ነን እንበል። ከፊታችን ካሉት 179 ተማሪዎች ግማሹ ያንኑ ከፈለጉ 90 ያህል ሰው ይቀድመናል፤ አይደርሰንም። የሚፈልጉት ሩቡ ብቻ ከሆኑ ግን የሚቀድሙን 45 ያህል ናቸው፤ ይደርሰናል። ውጤታችን አልተለወጠም፣ ደረጃችንም አልተለወጠም። የተለወጠው የሰው ፍላጎት ነው። ያለፈው ዓመት መቁረጫ ነጥብ ለግምት ጠቃሚ ሆኖ ለዘንድሮ ቃል የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሁለተኛው ሴሚስተር ስሌትም አለ። የሁለቱ ሴሚስተር ክሬዲት እኩል ከሆነ፣ በመጀመሪያው 3.0 ያመጣ ተማሪ በሁለተኛው 4.0 ቢያመጣ እንኳ ድምር ውጤቱ 3.5 ነው፤ ከዚያ አያልፍም። የሚፈልገው ዲፓርትመንት ባለፉት ዓመታት ከ3.7 በታች ካልወረደ ሌላ ምርጫ አብሮ ያስብ። 3.4 አካባቢ ከሆነ ግን በሁለተኛው ሴሚስተር 3.8 ይበቃዋል፤ ግቡን አውቆ ያጥና። ጣሪያችንን ማወቅ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ጉልበታችንን የት እንደምናውል መወሰን ነው።

4. ፎርሙን ከመሙላት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ሬጅስትራር ሄደን ወይም የዲፓርትመንት ኃላፊዎችን አግኝተን አራት ነገር እንጠይቅ።

ሀ) ለምደባ የሚያዘው ምንድን ነው? የግቢው ድምር ውጤት ብቻ ነው ወይስ የ12ኛ ክፍል ውጤትም ወይም ሌላ ፈተና ይደመራል? ድርሻቸውስ ስንት ስንት ነው?

ለ) ለሴት ተማሪዎች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለሌሎች የሚደረግ ልዩ ድጋፍ አለ? እህቶቻችን ይህንን ሳይጠይቁ ከምርጫ ራሳቸውን እንዳያስወጡ።

ሐ) ዘንድሮ ስንት ወንበር ተመድቧል? ያለፈው ዓመት የመጨረሻው ሰው በስንት ገባ?

መ) ቅድሚያ የሚታየው ነጥብ ነው ወይስ የምርጫ ተራ?

የመጨረሻውን ብዙዎቻችን አንጠይቅም፤ ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ነጥብ ከቀደመ፣ ተራችን ሲደርስ ካልሞሉት ምርጫዎቻችን የላይኛው ይሰጠናል። እንዲህ ከሆነ የምንመኘውን አንደኛ ማድረግ ምንም አያስከፍለንም። የምርጫ ተራ ከቀደመ ግን እያንዳንዱ ዲፓርትመንት በመጀመሪያ የሚሞላው አንደኛ ባደረጉት ነው። አንደኛ ምርጫችን ካልተሳካ፣ ሁለተኛ ያደረግነው በሌሎች ተሞልቶ ሊጠብቀን ይችላል። እንዲህ ባለው ደንብ አንደኛ ምርጫ ላይ በጣም ሩቅ ሕልም ማስቀመጥ ዋጋ አለው።

በየትኛውም ደንብ ግን ምርጫችንን በሦስት እንከፋፍል፦ ከአቅማችን ትንሽ ከፍ የሚል፣ ከደረጃችን ጋር የሚመጣጠን፣ እና እንደሚደርሰን ከሞላ ጎደል የምንተማመንበት። ሦስተኛው ላይ ቢመደቡ ደስ ብሏችሁ ልትማሩት የምትችሉትን ጻፉ። ስሙን እንኳ ሳያጣሩ ቦታ ለመሙላት የተጻፈ ምርጫ የአራትና የአምስት ዓመት ሕይወት ሊሆን ይችላል።

5. ሁለት በር በተከታታይ ሲመጣ

አንዳንዱ ቦታ መስመርም ወንበርም አለው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። የብሔራዊ ፈተናውን መስመር ማለፍ ለውድድሩ ያበቃል እንጂ ወንበር አይሰጥም።

ብዙ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያመለክቱበት የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም እንደዚሁ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ 70 በመቶ፣ ለማስተርስ 75 በመቶ፣ ለሕክምና መሰል የጤና ትምህርቶች 90 በመቶ ውጤት ይጠይቃል። 70 በመቶ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከብዙ አገር ከመጡ አመልካቾች ጋር ለጥቂት ወንበር ይወዳደራል። ስለዚህ «መስፈርቱን አሟላለሁ» እና «ዕድሌ ሰፊ ነው» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የዕድሜ ገደብም አለው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆን ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ዓመት ያለፈበት ታናሽ ካለን ይህን ዛሬውኑ እንንገረው፤ ለእሱ የሚቀድመው የውጤት ጉዳይ ሳይሆን የጊዜ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው በነጻ ነው። «አስገባሃለሁ፣ ገንዘብ አምጣ» የሚል ደላላ ሲመጣ፣ በተቆጠረ ወንበር ላይ ማንም ቃል ሊገባ እንደማይችል እናስታውስ።

6. መቁጠርና መመካት

ይህ ሁሉ ስሌት ተወኩልን ይቀንሳል የሚሉ ወንድሞች አሉ። በሱረቱ ዩሱፍ የተነገረውን እናስብ። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐለይሂ ሰላም) የንጉሡን ሕልም ሲፈቱ የጥጋቡን ሰባት ዓመትና የችግሩን ሰባት ዓመት ቆጥረው፣ እህሉ ከነዛላው እንዲቀመጥ መከሩ። መቁጠራቸው በአላህ ላይ ያላቸውን መመካት አልቀነሰውም። ግመሉን ፈትቶ ይመካ እንደሆነ የጠየቀውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ ማዘዛቸውም በቲርሚዚ ተዘግቧል። የጎጃም ገበሬ ቤተሰቦቻችንም ዝናብ ከአላህ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ዘሩን ግን መዝነው፣ ማሳውን አይተው ነው የሚዘሩት።

ስለዚህ ቅደም ተከተላችን ይህ ይሁን፦ በሩን እንለይ፣ ቁጥሩን እንሰብስብ፣ ዲፓርትመንቱ ውስጥ ያሉ ታላላቆቻችንን እናማክር፣ ኢስቲኻራ እንስገድ፣ ከዚያ ፎርሙን ሞልተን ልባችንን እናሳርፍ። ከምደባው በኋላ የሚመጣው የአላህ ውሳኔ ነው፤ ያልቆጠርነው ግን የእኛው ስንፍና ነው።

በመጨረሻም አደራ። ሁለተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ በየዲፓርትመንታችሁ ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ሰው በስንት እንደገባ ጠይቃችሁ ለአንደኛ ዓመቶች ንገሩ። ለክረምት ወደ ቤት ስትሄዱ ደግሞ አንድ ታናሽ አስቀምጣችሁ ያለፉትን ዓመታት ፈተና አሠሩት። «ዕድል አለኝ?» ብሎ ሲጠይቃችሁም ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና አብራችሁት ቁጠሩ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፣ መልካም በሆነው ቦታ ላይ ያስቀምጠን። አሚን!