ያልተሸጠው ቅጂ የማን ነው?
የአነስተኛ ኮሚክስ አሳታሚዎች ገበያ ለነጋዴው የሚሰጠው ትምህርት

ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በሚገኘው የፌዴራል የኪሣራ ፍርድ ቤት አንድ የዕዳ ጥበቃ ማመልከቻ ቀረበ። አመልካቹ ዳይመንድ ኮሚክ ዲስትሪቢዩተርስ የተባለ፣ ከ1982 ጀምሮ ኮሚክስ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሔትና መጽሐፍ፣ ሲያከፋፍል የኖረ ድርጅት ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ወር ደግሞ ድርጅቱ በመጋዘኑ ያለውን ከአንድ መቶ የሚበልጡ አሳታሚዎች ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ለአበዳሪው ዕዳ ማቃለያ እንዲያውል እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ዕቃው ያልተከፈለበት ነው። አሳታሚዎቹ በመጋዘኑ ያስቀመጡት “ሸጠህ ክፈል” በሚባለው ውል ነበርና የኛን ንብረት ለሌላ ሰው ዕዳ ማን ይሸጣል ሲሉ ተቃወሙ።

ይህን ክርክር የሥዕል ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ ስህተት ይሆናል። ዕቃ በዱቤ ወይም በአደራ የሚያስረክብ ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ያልተሸጠው ዕቃ የማን ነው? ኪሣራውስ በማን ላይ ይወድቃል? አነስተኛ የኮሚክስ አሳታሚዎች ላለፉት 50 ዓመታት ለዚህ ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሞክረዋል። ሦስቱንም በተራ መመልከቱ ይጠቅማል።

ተመላሽ የሌለው ሽያጭ

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ ኮሚክስ የሚሸጠው እንደ ጋዜጣ በየመንገዱ መደብ ነበር። ሻጩ ያልተሸጠውን ይመልሳል፤ አሳታሚው ይቀበላል። ስለዚህ ኪሣራውን የሚሸከመው አሳታሚው ነው። እንዲህ ባለው አሠራር መቆየት የሚችለው ብዙ ካፒታል ያለው ድርጅት ብቻ ነበር።

በ1973 ፊል ሱሊንግ የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ ለአሳታሚዎች ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ከተለመደው የበለጠ ቅናሽ ከተደረገለት ያልተሸጠውን ሳይመልስ ለመግዛት ተስማማ። ቸርቻሪዎችም ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በፊት የሚፈልጉትን ቁጥር ያስመዘግባሉ፤ አሳታሚው የታዘዘውን ያህል ያሳትማል። ኪሣራው ከአሳታሚው ወደ ቸርቻሪው ተዛወረ፤ ቅናሹም የዚህ አደጋ ዋጋ ሆነ።

ይህ ለትንሹ ሰው በር ከፈተ። በሜይ 1984 ኬቨን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ የተባሉ ሁለት ወጣት ሠዓሊዎች ከግብር ተመላሽ ባገኙት ጥቂት ገንዘብና ከኢስትማን አጎት በተበደሩት ብር ስለ አራት ኤሊዎች የሚተርክ ጥቁርና ነጭ መጽሔት 3,000 ያህል ቅጂ አሳተሙ። ወዲያው አለቀ። በ2009 የኤሊዎቹን ባለቤትነት መብት ቫያኮም ኩባንያ በ60 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ይሁን እንጂ የአንዱ ዕድል የብዙዎች ወጥመድ ሆነ። በ1986 ቀጣዩን ኤሊ እናገኛለን በሚል ተስፋ የጥቁርና ነጭ ኮሚክስ አሳታሚ እንደ አሸን ፈላ። ገዢዎችም ለማንበብ ሳይሆን ነገ ዋጋው ሲጨምር ለመሸጥ ይገዙ ጀመር። በ1987 ፍላጎቱ ሲወርድ መመለስ የማይቻለው ክምችት በቸርቻሪዎች መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ ብዙ ሱቆችና አሳታሚዎች ተዘጉ። አደጋው ወደ ቸርቻሪው ቢዛወርም አልጠፋም ነበር፤ ቸርቻሪው ሲወድቅ ዕዳውን መክፈል ስለማይችል ጉዳቱ ተመልሶ አከፋፋዩንና አሳታሚውን ያገኛል።

ከዚህ ውድቀት በኋላ በጥንቃቄ የገባ ሰውም አለ። ጄፍ ስሚዝ በ1991 በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ ከተማ “ቦን” የተባለውን ተከታታይ ማሳተም ጀመረ። የንግዱን ሥራ ባለቤቱ ቪጃያ አየር ያዘች። ባልና ሚስቱ ያወጡትን ተከታታይ በጥራዝ እየሰበሰቡ ከገበያ እንዳይጠፋ አደረጉ። ወርኃዊ መጽሔት ወሩ ሲያልፍ ዋጋው ይወድቃል፤ ጥራዝ ግን ከዓመት ዓመት ይሸጣል። ተከታታዩ በ2004 በ55ኛው ቁጥር ሲጠናቀቅ መብቱ በደራሲው እጅ ነበርና በ2005 ስኮላስቲክ የተባለው ትልቅ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ በቀለም ማውጣት ጀመረ።

አንድ በር ብቻ ሲቀር

ሁለተኛው ምዕራፍ የአከፋፋዮች ጦርነት ነው። በዲሴምበር 1994 ማርቭል ሂሮዝ ዎርልድ የተባለ አከፋፋይ ገዛና መጽሔቶቹን በእሱ በኩል ብቻ መሸጥ ጀመረ። ሌሎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ደግሞ ከዳይመንድ ጋር የብቻ ውል ተፈራረሙ። በ1996 ዳይመንድ ዋና ተፎካካሪውን ካፒታል ሲቲን ገዛ፤ በ1997 ማርቭል የራሱን አከፋፋይ ዘግቶ ወደ ዳይመንድ መጣ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጉዳዩን መመርመር ቢጀምርም በ2000 ያለ ክስ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ለትንሹ አሳታሚ ወደ ኮሚክስ ሱቆች የሚያስገባው በር በተግባር አንድ ብቻ ሆነ። ዳይመንድ ለአሳታሚው የሚከፍለው በአብዛኛው ከሽፋን ዋጋው 40 በመቶ ገደማ ነበር። በ2009 አንድ መጽሔት በዝርዝሩ ውስጥ ለመቆየት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ትዕዛዝ ከ1,500 ወደ 2,500 ዶላር ከፍ ሲል ብዙ ትንንሽ ሥራዎች ከዝርዝሩ ወጡ።

አንድ በር ያለው ቤት ሲቃጠል መውጫ አይኖረውም። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ ዳይመንድ ለሻጮቹ የሚከፍለውን ለጊዜው አቆመ። በዚያው ዓመት ዲሲ፣ በተከታዩ ዓመት ማርቭል ወደ ሌሎች አከፋፋዮች ሄዱ። ትልልቆቹ ሌላ በር ማግኘት ችለዋል። ትንንሾቹ የቀሩት ዋና ገቢው ከሸሸው ድርጅት ጋር ነበር፤ መጨረሻውም በ2025 የታየው ነው።

እዚህ ላይ የሕጉን ነጥብ ልብ ማለት ይገባል። በአሜሪካ የንግድ ሕግ ዕቃውን “ሸጠህ ክፈል” ብሎ የሰጠ ነጋዴ መብቱን በሕዝባዊ መዝገብ ካላስመዘገበ፣ ተቀባዩ ሲከስር ዕቃው ለተቀባዩ አበዳሪዎች እንደ መያዣ ሊቆጠር ይችላል። ምክንያቱም አበዳሪው ሲያበድር የሚያየው በዕቃ የተሞላ መጋዘን እንጂ በአሳታሚውና በአከፋፋዩ መካከል ያለውን ውል አይደለም። ይህን ቅጽ ሳይሞላ ለቀረ አሳታሚ በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ዓይነት ሆነበት።

በነጻ ማስነበብ፣ መጽሐፉን መሸጥ

ሦስተኛው መልስ የመጣው ከኢንተርኔት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ከእያንዳንዱ አንባቢ ጥቂት ሳንቲም መሰብሰብ ነበር። ስኮት መክላውድ የተባለው ታዋቂ የኮሚክስ ደራሲ በ2003 አንድ ሥራውን ቢትፓስ በተባለ የክፍያ ዘዴ በ25 ሳንቲም ለሽያጭ አቀረበ። ዘዴው አልሰመረም፤ ቢትፓስ በ2007 ተዘጋ። ችግሩ የ25 ሳንቲሙ ማነስ ወይም መብዛት አልነበረም። አንባቢው ሥራውን ሳያውቅ ቦርሳውን እንዲከፍት መጠየቁ ነበር።

የተሳካው ተቃራኒው መንገድ ነው። ፊልና ካያ ፎልዮ የተባሉ ባልና ሚስት “ገርል ጂኒየስ” የተባለውን የታተመ ተከታታያቸውን በአፕሪል 2005 ትተው ገጾቹን በሳምንት ሦስት ጊዜ በነጻ ማስነበብ ጀመሩ። ደራሲዎቹ በይፋ እንደተናገሩት የጥራዞቹ ሽያጭ ጨመረ። ነጻው ገጽ ማስታወቂያ ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ መጽሐፉ ነው።

ለዚህ መንገድ የጎደለው የማሳተሚያ ገንዘብ ነበር። በ2009 የተከፈተው ኪክስታርተር ይህን ክፍተት ሞላ። ደራሲው የሚያስፈልገውን መጠን ያስታውቃል፤ አንባቢው አስቀድሞ ቃል ይገባል፤ መጠኑ ካልሞላ ማንም አይከፍልም። መድረኩ ከተሰበሰበው 5 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ሲጨመር ወጪው ወደ 8 ወይም 10 በመቶ ይደርሳል። የአገራችን ነጋዴ ይህን አሠራር በቀብድ ስም ያውቀዋል።

ቀብዱ ምን ያህል እንደሚያስገኝ በ2012 ታየ። ሪች በርልው ከ2003 ጀምሮ “ዘ ኦርደር ኦቭ ዘ ስቲክ” የተባለ፣ ሰዎቹ በቀጭን መስመር የተሣሉበት ቀልደኛ ኮሚክስ በነጻ ሲያስነብብ ነበር። ከገበያ ያለቀ ጥራዝ እንደገና ለማሳተም 57,750 ዶላር ጠየቀ። በአንድ ወር ውስጥ 14,952 ሰዎች 1,254,120 ዶላር ሰጡት። በአማካይ ሲሰላ በነፍስ ወከፍ 84 ዶላር ገደማ ይሆናል። ያውም ሙሉውን ታሪክ ያለ ክፍያ ማንበብ ከሚችሉ ሰዎች።

ሒሳቡ ሲሠራ

የሁለቱን መንገዶች ልዩነት ለማየት ለምሳሌ ያህል የሽፋን ዋጋው 20 ዶላር የሆነ መጽሐፍ እንውሰድ።

በአከፋፋይ በኩል፦ አሳታሚው 2,000 ቅጂ በ5 ዶላር ያሳትማል፤ ወጪው 10,000 ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚደርሰው 40 በመቶ፣ ማለትም 8 ዶላር ነው። ወጪውን ለመመለስ 1,250 ቅጂ መሸጥ አለበት። 1,000 ብቻ ቢሸጥ 8,000 ያገኛል፤ 2,000 ዶላር ይከስራል፤ 1,000 ቅጂም በመጋዘን ይቀራል።

በቀብድ፦ 1,000 አንባቢዎች አስቀድመው 20,000 ዶላር ይከፍላሉ። ለመድረኩና ለክፍያ ማስተላለፊያው 9 በመቶ፣ ማለትም 1,800 ይቀነሳል። የሚታተመው ቁጥር ስላነሰ የአንዱ ኅትመት ዋጋ 7 ዶላር ይሁን፤ ወጪው 7,000 ነው። ለማሸጊያና ለመላኪያ ዝግጅት 2,000 ይወጣል፤ የፖስታውን ዋጋ ገዢው ይከፍላል እንበል። የሚተርፈው 9,200 ዶላር ነው።

የሽያጩ ቁጥር አንድ ነው፤ 1,000 ቅጂ። አንዱ ከሳሪ፣ ሌላው አትራፊ የሆነው ከሻጭ ወደ ሻጭ የሚቆረጠው ቅናሽ ስለቀረና ያልታዘዘ ቅጂ ስላልታተመ ነው። ብዙ ካሳተምክ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል የሚለው የማተሚያ ቤቶች ማባበያ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ገዢው ያልታወቀ ቅጂ በ5 ዶላርም ውድ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን 9,200 ዶላሩን ትርፍ ብሎ መጥራት አያስኬድም። መጽሐፉን ለመሣል አንድ ዓመት ፈጅቶ ከሆነ ለወር የሚደርሰው 767 ዶላር ገደማ ነው። ይህ የሠዓሊው የድካም ዋጋ ነው፤ የራስን ጉልበት ከወጪ የማይቆጥር ነጋዴ እያተረፈ የሚደኸይበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ቀብድ ዕዳ ነው

በርልው በዚያው ዓመት እጁን ተጎዳ፤ ቃል የገባቸውን ሥዕሎችና ታሪኮች አጠናቅቆ ማድረስ ዓመታት ወሰደበት። አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ በዕቃ የሚመለስ ዕዳ ነው። በመቀበልና በማስረከብ መካከል የወረቀት፣ የመርከብና የፖስታ ዋጋ ቢጨምር ልዩነቱን የሚሸከመው ቀብድ የበላው ነው። በ2021 የመርከብ ጭነት ዋጋ ሲንር ብዙ ደራሲዎች የላኩት በራሳቸው ኪሣራ ነበር።

በሩንም መዘንጋት አይገባም። ፓትሪዮን የተባለው በ2013 የተመሠረተ የወርኃዊ መዋጮ መድረክ በዲሴምበር 2017 በደጋፊዎች ላይ አዲስ ክፍያ እንደሚጭን አስታወቀ። በቁጣ የተነሣ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቢሰርዝም አንድ ድርጅት የሺዎችን እንጀራ በአንድ ማስታወቂያ ሊያናጋ እንደሚችል ታየ። ዳይመንድን ትቶ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ መንጠልጠል ያው የአንድ በር ቤት ነው።

ወደ እኛ ገበያ

ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ በ2018 “ጀምበር” የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና የሚተርክ ኮሚክስ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ካወጣ ወዲህ ዘርፉ ለኛም እንግዳ አይደለም። ከዚያም በላይ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ቅጂውን ለመደብርና ለአዟሪ በአደራ የሚሰጥ ደራሲ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። ማተሚያ ቤቱ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ደራሲው ግን መጨረሻ ላይ ይከፈለዋል።

በዚህ ገበያ ለሚሠራም ሆነ ገንዘቡን ለማዋል ለሚያስብ አራት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ በአደራ የሚሰጥ ዕቃ ቁጥሩ፣ የመክፈያ ቀኑና የባለቤትነቱ ነገር በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ሕጉ ምዝገባ የሚፈቅድ ከሆነም ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ለአከፋፋይ የሚሰጠው ቅናሽ ከሚሸከመው አደጋ ጋር ይመዛዘን። ያልተሸጠውን የሚመልስ አከፋፋይ እንደማይመልሰው እኩል ቅናሽ ሊጠይቅ አይገባውም።

ሦስተኛ፣ ኅትመቱ የታዘዘውን ይከተል። በቀብድ የተገኘው ገንዘብም ዕቃው እስኪደርስ እንደ ትርፍ አይበላ።

አራተኛ፣ የገዢዎች ስምና አድራሻ በአሳታሚው እጅ ይሁን። አከፋፋይ ይከስራል፣ መድረክም ሕጉን ይቀይራል፤ ገዢውን በስም የሚያውቅ ሻጭ ግን በማግስቱ ሌላ በር ይከፍታል።

በዳይመንድ መጋዘን ዕቃቸው የተያዘባቸው አሳታሚዎች መጽሐፋቸው ተፈላጊ ስላልነበረ አልተጎዱም። ዕቃቸውን ያስረከቡት ገዢው ማን እንደሆነ፣ ባይሸጥስ የማን እንደሚሆን በወረቀት ሳይቋጭ በመሆኑ ነው። ይህን ጥያቄ ዕቃው ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።